የጋሽ ደግፌ ጆሮ

ጡረታ ወጥቻለሁ። ዕድሜዬ ሠላሳ ሦስት ነው። ሳቁ፣ ችግር የለም። ሥራው ራሱ ሲሞት ግን ዕድሜህን ማንም አይጠይቅህም። እኔ መካኒክ ነበርኩ፤ ለዛውም በጆሮ የሚሠራ። አብነት ሰፈር ውስጥ ኮፈን ሳንከፍት የሞተሩን በሽታ ከድምፁ የምናውቅ ሰዎች ነበርን። አሁን ሂድና ልደታ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ቁም። ከሚገቡት መኪኖች ስንቱ ኤሌክትሪክ እንደሆነ ታያለህ። ተረከዝህ ላይ መጥተው ቆመው እንኳን አታውቅም። ድምፅ የሌለው ነገር ላይ ጆሮ ምን ይሠራል? ባለፈው ዓመት አንዱን ጋራዥ አመጡልኝ። ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ብርቱካናማ ኬብል አየሁ፣ መልሼ ዘጋሁት። አንዱ ልጅ ላፕቶፑን ሰክቶ በሁለት ደቂቃ ጨረሰው። እኔ መፍቻዬን ሰብስቤ ወጣሁ። አሁን ተክለ ሃይማኖት አጠገብ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ቆሜ እሸጣለሁ።

ሰው የሥራ ዘመኑን ሲጽፍ የተሸለመውን ነው የሚጽፈው። እኔን የሸለመኝ የለም። ያለኝ አንድ የሚኒባስ ጎማ ነው። ያንን ጎማ ሰምቼው ዝም አልኩ። በዛ ምክንያት ጀማል የሚባል ሹፌር እግሩንም ስሙንም አጣ። አራት ዓመት ሙሉ ደግሞ ጥፋቱን እሱና ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ደግፌ ተሸከሙልኝ። እዚህ የምጽፈው ሁሉ እዛ ጎማ ጋ ለመድረስ ነው። መንገዱ ላይ የሰለቸው መውረድ ይችላል።

ትምህርት ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። እንግሊዝኛው ጣለኝ። ፈተናው ላይ «ሂር» እና «ሊስን» የሚሉ ሁለት ቃላት መጥተው ነበር፣ ሁለቱንም አገላብጬ ጻፍኳቸው። ለኔ ሁለቱም መስማት ናቸው፤ ምን ልዩነት አላቸው ብዬ አስተማሪዋን ስጨቀጭቃት አስወጣችኝ። ወጣሁ፣ በዛው ቀረሁ።

መጀመሪያ የገባሁት ጎሚስታ ቤት ነው። ጎማ ሳወልቅና ስለጥፍ ስድስት ወር ቆየሁ። ከዛ የአንድ ድርጅት ጋራዥ ቀጠረኝ። እዛ ቱታ አለ፣ የሥራ ካርድ አለ፣ አንዲት ቡሎን ለመፍታት ሦስት ሰው ይፈርማል። አለቃችን ነጭ ጋውን ለብሶ በመስታወት ውስጥ የሚያየን ሰውዬ ነበር። አንድ ቀን ሞተሩ ሳይነሳ «ብሮንዚናው ሄዷል፣ ይፈታ» ብሎ ካርድ ላይ ጻፈ። ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ አስነሱትና ስሙት አልኩት። አፍህን ያዝ አለኝ። አፌን ብይዝ ኖሮ ዛሬ ሌላ ታሪክ ነበር የምጽፈው። ካርዱን ቀድጄ ጋውኑ ኪስ ውስጥ ከተትኩለት። በዛው ቀን ተባረርኩ። ደሞዙም እንደ ጉድ የሚቆጭ አልነበረም።

ጋሽ ደግፌ ጋ የገባሁት ከዛ በኋላ ነው።

ጋሽ ደግፌ አብነት መንደር ውስጥ፣ በብየዳ ቤትና በቆርቆሮ ሠሪዎች መሃል፣ ሦስት መኪና ብቻ የምትይዝ ጋራዥ ነበረቻቸው። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው እድሜያቸውን እዛው የጨረሱ ሰው ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። ግን ከሳሪስም ከመገናኛም ሰው መኪናውን እያስጎተተ ይመጣላቸው ነበር። «አብነት ያሉት ጆሮ» ነበር የሚባሉት። ስማቸውን የማያውቅ ሁሉ እንደዛ ብሎ ነው የሚጠይቀው።

አሠራራቸውን ልንገራችሁ። መኪና ሲገባ መኪናውን አያዩትም። ባለመኪናውን የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ያስቀምጡታል፣ ፊት ለፊቱ ቁጭ ይላሉ፣ ከዛ «ድምፁን በአፍዎ ያምጡልኝ» ይላሉ። ቀልድ አይደለም። ከረባት ያሰረ ትልቅ ሰው፣ ሠራተኛ የሚንቀጠቀጥለት፣ እዛች ሳጥን ላይ ቁጭ ብሎ «ግርርርር» ይላል። «ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ?» ይሉታል። «ሲሞቅ፣ እንዲህ ጥክ፣ ጥክ፣ ጥክ…» ይላል። እኛ ከመኪና ስር ሆነን በሳቅ እንሞታለን። እሳቸው አይስቁም። ሰውዬው ጨርሶ እስኪዘጋ አያቋርጡትም። አንዴ ለምን እንዲህ ጊዜ ያጠፋሉ ብያቸው ነበር። ከመኪናው ጋር የሚውለው እሱ ነው፣ እኔ ዛሬ ነው ያየሁት፣ አሉኝ።

ባለቤቱ ከተሰማ በኋላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አሮጌ ቸርኬ በመዶሻ አንዴ ይመቱታል። ያኔ ብየዳ ቤቱ ብየዳውን ያቆማል፣ ቆርቆሮ ሠሪው መዶሻውን ያወርዳል፣ ሙዚቃ ቤቱም ይቀንሳል። ማንም አስገድዷቸው አይደለም። መንደሩ በሙሉ ለአንድ ሞተር ሁለት ደቂቃ ዝም ይላል። ይሄን ሌላ የት አገር አይቼው ልንገራችሁ?

ከዛ ካቻቢቴያቸውን ያነሳሉ። ረጅም፣ እጀታው እንጨት የሆነ። ጫፉን ሞተሩ ላይ ያሳርፋሉ፣ እጀታውን ከጆሮ ፊት ያለችው አጥንት ላይ ይጫናሉ። እኔንም ያስተማሩኝ እንደዛ ነው። ቫልቭ እንደ ስፌት መኪና ነው የሚለው። በሞተሩ ሆድ ያለው ብሮንዚና በጡጫ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ነው፣ ከስር፣ ከሩቅ። ቺንጋ ጠዋት ጠዋት ይጮህና ሲሞቅ ይረሳዋል። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ደግሞ ያጉረመርማል፣ ሩቅ እንዳለ ወፍጮ። ስታጥፍ ድምፁ ይለወጣል፤ ወደ ግራ ስታጥፍ ክብደቱ ቀኝ ላይ ስለሚወድቅ የቀኙ ይጮሃል፣ ወደ ቀኝ ስታጥፍ ያርፋል። ይቺን በደንብ ያዙልኝ።

ሦስት ዓመት እንደሠራሁ አንድ ነገር አየሁ። ጋሽ ደግፌ ባለመኪናውን «ይድገሙልኝ» ማለት አበዙ። ከዛ ካቻቢቴው ከጆሯቸው ወደ ጥርሳቸው ሄደ። እጀታውን ነክሰው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጥርስ ከጆሮ የተሻለ ይሰማል አሉን፣ እኛም አመንን፤ ሁለት ሦስት ልጆች መንከስ ጀመሩ። ከዛ ደግሞ ዓይናቸውን መጨፈን ተዉና እኔን ማየት ጀመሩ።

መጀመሪያ ትኩረቴን የሚቆጣጠሩ ነበር የመሰለኝ። እኔ ፊቴ ላይ መጋረጃ የለኝም፤ እናቴም የምትለው ይሄንኑ ነው። መጥፎ ድምፅ ስሰማ የአፌ ግራ ጫፍ ይጣመማል። ጋሽ ደግፌ ካቻቢቴውን ነክሰው አፌን ያያሉ። ከተጣመመ «ብሮንዚና ነው፣ ይፈታ» ይላሉ። ካልተጣመመ «ንጹህ ነው፣ ሂዱ»። አንድ ቀን ሆን ብዬ ደህናው ሞተር ላይ አፌን አጣመምኩ። እንዲፈታ አዘዙ። ቶሎ ብዬ «ጋሼ እስቲ እንደገና ልስማው» ብዬ አስቆምኳቸው። ገባኝ። መዶሻና ብየዳ ሲሰሙ የኖሩ ጆሮዎች ናቸው፣ አልቀውባቸዋል።

አልተነጋገርንም። እሳቸው አልጠየቁኝም፣ እኔም አላወራሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ የአብነት ጆሮ የኔ ፊት ነበር። መጀመሪያ ላይ ኮርቼ ነበር፤ እውነቴን ነው። ለአባቴ ያላደረግኩትን ነው ለሳቸው ያደረግኩት። በኋላ ግን ኩራቱ ኮመጠጠ። ሰው ሁሉ መጥቶ እጃቸውን ሲስም እኔ ናፍጣ ውስጥ ዕቃ አጥባለሁ።

ያቺ ቀን ማክሰኞ ነበረች፣ ጠዋት። ብዙ ሚኒባስ ያሉት አንድ ባለሀብት መጥቶ ቆሟል። መኪኖቹን በሙሉ እኛ ጋ ሊያሠራ ነው የመጣው። ዞር ብሎ አየኝና ጋሽ ደግፌን «ከእርስዎ በኋላስ? ይሄ ልጅ ይሰማል?» አላቸው። ጮክ ብሎ ስለተናገረ ሰሙት። ጋሽ ደግፌ ሳቁ።

«እሱ? እጅ አለው። ጆሮ ግን አልሰጠውም» አሉ።

ልጆቹ ሳቁብኝ። አንዱ ጀለሴ ከስር ሆኖ «ደንቆሮው» አለኝ፤ ሳምንቱን በሙሉ ስሜ እንደሚሆን ገባኝ። ዛሬ ሳስበው ጋሽ ደግፌ ፈርተው ነው። ልጁ ይሰማል ካሉ ታዲያ እርስዎ ምን ይሠራሉ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ያን ቀን ግን ይሄን ማሰቢያ አልነበረኝም። ደሜ ጆሮዬ ላይ ነው የወጣው።

ጀማል የገባው እዛ መሃል ነው። የሰው ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ነው፣ ከኔ አሥር ዓመት ቢበልጥ ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። ባለሀብቱ ስለቆመ ጋሽ ደግፌ ሳጥኑ ላይ አላስቀመጡትም፤ በፍጥነት መሥራታቸውን ለማሳየት ክሪክ ሊያመጡ ዞሩ። ጀማል ለጀርባቸው ነው የተናገረው።

«ወደ ግራ ሳጥፍ ያጉረመርማል፣ ወደ ቀኝ ሳጥፍ ይተዋል። የፊት ቀኝ ጎማ ይመስለኛል ጋሼ።»

ጀርባ አይሰማም። እኔ ሰማሁ።

የፊቱን ቀኝ ጎማ በክሪክ አነሱት፣ በእጃቸው አሽከረከሩት፣ ካቻቢቴውን ነከሱ፣ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ፣ ያለምንም ካቻቢቴ፣ ወፍጮውን ሰማሁት። ጥርት ብሎ። ፊቴን ግድግዳ አደረግኩት። በሕይወቴ አንዴ ነው ፊቴ የታዘዘልኝ። ትንሽ ቆዩ፤ ከወትሮው በላይ ቆዩ። ከዛ ዓይናቸውን አወረዱ።

«ንጹህ ነው። ሂድ ሥራህን ሥራ» አሉት።

«እርስዎ ካሉ» ብሎ አመስግኖ ሄደ ጀማል።

ምን አስቤ ነበር? ኩሽኔታው ሳምንት ይቆያል ብዬ ነበር። ድምፁ ብሶበት ይመለሳል፣ ሽማግሌው ያፍራሉ፣ ያኔ እኔን ይጠይቁኛል። ይቺን ነበር ያሰብኳት። መካኒክ ነኝና ሒሳቤን ያመንኩት።

በሦስተኛው ቀን ቁልቁለት ላይ ጎማው ወጣ። ሰው አራግፎ ባዶውን ነበር የሚሄደው፤ ለዚህ ማንን እንደማመሰግን አላውቅም። ሚኒባሱ የኮንክሪት ምሰሶ ላይ ወጣ። የጀማል ቀኝ ጉልበት ደቀቀ። ከዛ ወዲህ ነድቶ አያውቅም።

ጀማል የሚነዳው ሚኒባስ ባለቤት ጋራዥ መጣ። ጀማል «ነግሬያቸዋለሁ፣ ይጮሃል ብያቸዋለሁ» ማለቱን ይዞ ነው የመጣው። ጋሽ ደግፌ አልሸሹም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጆሮዬ ሄዷል፣ ሰው ላይ መቀለድ አልነበረብኝም አሉ፣ ሰው ሁሉ ፊት። መንደሩ ደነገጠ። ሰውዬው ግን አልበቃውም። ሹፌሩ ስለ ጎማው ነግሯችኋል ወይ አለ። ጋሽ ደግፌ መዋሸት አይችሉም። «ተናግሮ ከሆነ አልሰማሁም» አሉ። ሰውዬው ወደኔ ዞረ። አንተስ፣ ሲናገር ሰምተሃል?

እዚህ ጋ ነው ሁለተኛው ጥፋቴ። የመጀመሪያውን ንዴት ነው በሉት፤ ይሄንን ግን ምንም በሉት፣ ስም የለውም። ሰምቻለሁ ካልኩ ቀጣዩ ጥያቄ ታዲያ ለምን ዝም አልክ ነው።

«መዶሻ ነበር፣ አልሰማሁም» አልኩ።

በቃ፣ ጀማል ውሸታም ሆነ። የሚያጉረመርም መኪና ላይ ሰው ጭኖ ሳይናገር የሚዞር ሹፌር ተባለ። ተራ አስከባሪውም፣ ረዳቱም፣ ጓደኞቹም እንደዛ አወሩት። ጋሽ ደግፌ በዛው ሳምንት ጋራዡን ዘጉ። ካቻቢቴያቸውን እንኳን አልወሰዱትም።

ከዛ በኋላ ሌላ ጋራዥ ሠራሁ፣ ጥሩ ስም ነበረኝ፣ ጆሮ ያለው ልጅ ይሉኝ ነበር። ስባል በላዬ ላይ ውሃ የሚደፋብኝ ያህል ነው።

አሁን መምህር በቀለን ላምጣ። የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ፣ እውነተኛውን ጡረታ የወጡ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የምትቆም አሮጌ ቮልስ አለቻቸው። መካኒክነቱን ብተውም ቅዳሜ ቅዳሜ እሷን አያታለሁ፤ ከተማው ውስጥ የምሰማት የቀረችኝ ሞተር እሷ ናት። ቮልሷ ስትሞቅ እሳቸው ቃል ያስተምሩኛል። ሁለት ወር ይሆነዋል፣ የጣለኝን ፈተና አነሳሁላቸው። ሂርና ሊስን ምን ለያቸው አልኳቸው።

ሊስን ፈልገህ ጆሮህን ስትሰጥ ነው፤ ሂር ግን ድምፁ ራሱ መጥቶ ጆሮህ ሲገባ ነው፣ ባትፈልግም ይገባል አሉኝ። ቀላል ነበር እኮ። አስተማሪዋ ይቺን ብትለኝ ምን ነበረበት?

«እሺ» አልኩ፣ «አንድ ሰው ሰምቶ ምንም ካላደረገስ? ለዛ ምን የሚባል ቃል አላቸው?»

መምህር መነጽራቸውን አወለቁ። ነገሬን አያውቁም፣ ጥያቄው ነው የጣማቸው። ሂር የሚለው ቃል ከእንግሊዝኛው ራሱ ይበልጣል አሉ። እንግሊዝ የሚባል ሕዝብ ደሴቱ ላይ ከመግባቱ በፊት አያቶቹ በሰሜን በኩል ሲኖሩ ይናገሩት የነበረ ነው፤ ጀርመኖች ዛሬም ሆረን ይሉታል፣ አንድ እናት ናቸው። የግሪኩም ዘመዱ ሳይሆን አይቀርም። ከዛ በፊት ያለውን ሊቃውንቱ ይገምታሉ እንጂ አያውቁም፤ አንዳንዶቹ ጆሮን ከማሾል ጋር ያገናኙታል።

«ዋናው ግን ይሄ ነው» አሉኝ። «በጥንቱ እንግሊዝኛ ይሄ ቃል በጆሮ መስማት ብቻ አልነበረም። መታዘዝም ነው። የለመነህን ሰው እሺ ማለትም ነው። ጉዳይ ሰምቶ መፍረድም ነው። አንድ ላይ ነበሩ። እኛም እኮ ልጄ አይሰማኝም እንላለን፣ ዳኛው ጉዳዩን ሰማ እንላለን። እነሱ ቀስ በቀስ ቃሉን አሳንሰው ለጆሮ ብቻ ተዉት። ያንተን ሰውዬ ግን፣ ሰምቶ ምንም ያላደረገውን፣ የድሮዎቹ ሰማ የሚሉት አይመስለኝም።»

ቮልሷ እየሠራች ነበር፣ አራቱም ፒስቶን ደህና። ቁልፉን አጠፋሁትና ሰጠኋቸው። ቃል አልለወጠኝም፤ ቃል ሰው አይለውጥም፣ አታጋንኑ። ግን አራት ዓመት ሙሉ ለራሴ «ቢያንስ እኔ ሰምቼ ነበር» እያልኩ ነበር የምጽናናው። ይቺን ነጠቁኝ።

ጋሽ ደግፌ እዛው ኮንዶሚኒየም፣ ሁለት ብሎክ አልፎ፣ ልጃቸው ሰናይት ጋ ነው የሚኖሩት። በዛው ቅዳሜ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰናይት ከውስጥ ሆና ልብስ ታጥባለች። ጎንበስ ብዬ ጆሯቸው ስር፣ ጋሼ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው አልኩ።

«ምን?» አሉ።

ደገምኩ። «ጮክ በል እንጂ ቢኒ፣ ምን ታንሾካሹካለህ» አሉኝ። ጽፌ እንዳልሰጣቸው ፊደል አያውቁም። ለሰናይት ነግሬ እንዳታስተላልፍልኝ እሷም መጮኋ አይቀርም፤ የኔን ነገር በሷ አፍ ማስጮህ ደግሞ ነውር ነው። ሌላ መንገድ አልነበረም። ቀና አልኩና ጮህኩ።

«ሰምቼው ነበር! የጀማልን ጎማ ሰምቼው ነበር! ፊቴን የደበቅኩት ተናድጄ ነው! ጀማልም ሲናገር ሰምቻለሁ፣ አልሰማሁም ብዬ ዋሸሁ!»

ግቢው ጸጥ አለ። ኳስ የሚጫወቱት ቆሙ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴትዮ የልብስ መቆንጠጫ እንደያዘች ቀረች። ሰናይት እጇ አረፋ እንደሆነ በሩ ላይ ወጣች። ሁሉም ሰው ሰማ።

ጋሽ ደግፌ አፌን እያዩ ነበር።

«የዛን ቀን ፊትህ ዝም አለብኝ» አሉ። «ሁለት ዓመት ዝም ብሎ የማያውቅ ፊት። ምን ሆነሃል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ልጁን ብጠይቅ ባለሀብቱ አለመስማቴን ያውቃል ብዬ አፈርኩ። ጀማልን በእፍረቴ ነው የሸኘሁት።»

«ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ!»

«አትጩህብኝ፣ ይሄንን ፊትህ ላይ አይቼዋለሁ» አሉ። ከዛ «ጀማል ይሄን ሰምቷል?» አሉኝ።

አልሰማም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ጀማል አብነት ውስጥ የስልክ ቻርጀርና ካርድ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችው። እግሩን ሳጥን ላይ ዘርግቶ ነው የሚቀመጠው፣ አይታጠፍለትም። አየኝና ካርድ ነው ወይ አለኝ። አይደለም አልኩት። ነገርኩት፤ እዚህ መጮህ አላስፈለገኝም። አላቋረጠኝም። ስጨርስ የሚመታኝ መስሎኝ ነበር፣ ቢመታኝም ደስ ይለኝ ነበር።

«ወደ ግራ ሳጥፍ ያልኩትን ሰምተሃል?» አለኝ።

«ሰምቻለሁ። ወደ ቀኝ ስታጥፍ ይተዋል ብለሃል። የፊት ቀኝ ጎማ ይመስለኛል ብለሃል።»

መዳፉን ዓይኖቹ ላይ አደረገ። ደንበኛ መጥቶ ቆሞ ጠብቆ ሄደ።

«እኔ እኮ» አለ፣ «ያላልኩ እየመሰለኝ ነበር። ሁሉም አላልክም ሲለኝ፣ በቃ ሳልናገር ነው የነዳሁት ብዬ አምኜ ነበር። ለሚስቴም አላልኩም ይሆናል ብያታለሁ።»

ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ ቃሉ ከአፌ ሊወጣ ሲል ራሱ አሳፈረኝ። እሱም ይቅር አላለኝም። ስልኩን አነሳና ሲፈልግ ቆይቶ አንድ ቁጥር ነካ፣ ጆሮው ላይ ሳያደርገው በመስኮቱ አሳልፎ ሰጠኝ።

«ባለሚኒባሱ ነው» አለ። «ለሱ ንገረው።»

ስልኩ ሁለቴ ጠራ። አንድ ወፍራም ድምፅ ሃሎ አለ። ቢኒያም እባላለሁ አልኩት፣ ጋሽ ደግፌ ጋራዥ የነበርኩት፤ ያን ጊዜ ጀማል ሲናገር ሰምተሃል ወይ ብለኸኝ ነበር።